ልጓምና እጅ

የሰው ልጅ ከብረት ቀጥቅጦ ካወጣቸው መሣሪያዎች መካከል በመጠኑ እንደ ልጓም ያነሰ፣ በሥራው ግን እንደ ልጓም የገዘፈ ብዙ አይገኝም። ከአንድ ጭብጥ የማይተርፍ ብረት ከጋላቢው ብዙ እጥፍ የሚከብደውን እንስሳ ያዞረዋል፤ በግልቢያ መካከል ያቆመዋል፤ ከጦርና ከጩኸት ፊት ያስገባዋል። ይሁንና ስለ ፈረስና ስለ ፈረሰኛ በተጻፈ ቁጥር ስሙ የሚነሣው ጋላቢው፣ ጦሩ፣ ኮርቻውና ግላሱ ነው። በአረፋና በምራቅ ተሸፍኖ የሚኖረውን ብረት የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ልጓም ፈረስን የሚገዛው በምን ኃይል ነው? አስቸጋሪ ፈረስ የሚባለውስ የትኛው ነው? ብረቱ በከፋ መጠን መታዘዝ ይጨምራልን? እነዚህ ጥያቄዎች የባልደራስና የጋጣ ጉዳይ ብቻ ይመስሉ ይሆናል። ነገር ግን ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ፈላስፋና ወታደር፣ ንጉሥና አሠልጣኝ የተከራከሩባቸው ናቸው። ክርክሩም ከፈረስ አልፎ ስለ ማዘዝና ስለ መታዘዝ የሚናገር ነው።

፩. ብረቱ የሚያርፍበት ስፍራ

በፈረስ የፊት ጥርሶችና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። የልጓም ታሪክ በሙሉ የተሠራው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። የታችኛው መንጋጋ አጥንት እዚህ ላይ እንደ ቢላዋ ጀርባ ቀጠን ብሎ ይወጣል፤ የሚሸፍነውም ስስ ድድ ነው። ሕመም የሚሰማው ጅማት የበዛበት በመሆኑ፣ ጥቂት ጫና ሲያርፍበት እንኳ ፈረሱ ወዲያውኑ ያውቀዋል።

ቀላሉ ልጓም በመካከሉ የተቆላለፈ ወይም ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኖ፣ ዛቡ በጫፎቹ ባሉት ቀለበቶች ላይ ይታሰራል። በዚህ ዓይነቱ ልጓም እጅ የሳበውን ያህል አፍ ይቀበላል። ሁለተኛው ዓይነት ግን ክንድ አለው። ከአፉ ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ብረቶች ዛቡን ይይዛሉ፤ ከአገጭ ሥር ደግሞ ሰንሰለት ያልፋል። ዛቡ ሲሳብ ክንዱ እንደ ማንሻ ይሠራል። የላይኛው ክንድ 5 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛው 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እጅ በአንድ ኪሎ ኃይል የሳበው በአገጩ ሰንሰለት ላይ ወደ ሦስት ኪሎ፣ በአፍ ውስጥ ባለው ብረት ላይ ደግሞ ወደ አራት ኪሎ ሆኖ ይደርሳል። ክንዱ በረዘመ መጠን ብዜቱ ይጨምራል።

በዚህ ላይ ሠሪው ሌላ ነገር ሊጨምር ይችላል። የዘንጉን መካከል አጉብጦ ላንቃን እንዲገፋ ያደርገዋል፤ ብረቱን እንደ ገመድ ይጠመዝዘዋል፤ ያቀጥነዋል፤ ወይም እሾህ ያበቅልበታል። ክፉ ልጓም የሚባለው የተወለደው ከእነዚህ ጭማሬዎች ነው።

ነገር ግን ፈረስ በተፈጥሮው ሸሽቶ የሚድን እንስሳ ነው። ቀንድ የለውም፤ ጥፍር የለውም፤ መከታው እግሩ ነው። ያመመው ወይም ያስፈራው ነገር ሲገጥመው ይሮጣል። ሕመሙ በገዛ አፉ ውስጥ ሲሆን ግን የሚሸሸው አብሮት ይሮጣል። በሮጠ ቁጥር ጋላቢው አጥብቆ ይስባል፤ በተሳበ ቁጥር ሕመሙ ይበረታል፤ ሕመሙ በበረታ ቁጥር ፈረሱ ይብሳል። ራሱን ወደ ሰማይ የሚወረውረው፣ ምላሱን ከብረቱ በላይ የሚያሾልከው፣ ልጓሙን በመንጋጋው ነክሶ ጋላቢውን ይዞ የሚጠፋው ፈረስ ብዙውን ጊዜ አመጸኛ ተብሎ የተፈረደበት፣ ነገር ግን የታመመ ፈረስ ነው።

፪. ከአፍንጫ ቀለበት እስከ እሾህ

በጥንታዊቷ የኡር ከተማ መቃብር የተገኘውና አሁን በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ባለ ሥዕል ሣጥን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ግድም የተሠራ ነው። በላዩ የጦር ጋሪ የሚጎትቱ፣ ከአህያ ዘር የሆኑ እንስሳት ይታያሉ። የሚነዱት በአፍ ልጓም ሳይሆን በአፍንጫ ቀለበት ነው። ሰው በሬን ይገዛበት የነበረውን ዘዴ ወደ ሌላ እንስሳ አሻገረው ማለት ነው። ቀለበት ግን ያቆማል እንጂ በወጉ አይመራም። ፈጣኑ ፈረስ ወደ ሠረገላ ሲመጣ ሌላ መሣሪያ አስፈለገ።

ከኡራል ተራሮች በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሲንታሽታ በሚባለው ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2000 ዓመት አካባቢ የተቀበሩ ሠረገሎችና ፈረሶች ተቆፍረው ወጥተዋል። ከፈረሶቹ ጋር የተገኙት ከአጥንትና ከቀንድ የተቀረጹ ክብ የጉንጭ መያዣዎች በውስጥ በኩል ሾጣጣ ጉጦች አሏቸው። ዛቡ በአንድ በኩል ሲሳብ በሌላው በኩል ያሉት ጉጦች የፈረሱን ከንፈር ይወጋሉ፤ ፈረሱም ከሚወጋው ሸሽቶ ይዞራል። ጭካኔው ቀድሞ መጣ፤ ብረቱ በኋላ ተከተለ። የነሐስ ልጓም በመካከለኛው ምሥራቅ የተስፋፋው ከዚያ ወዲያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ነው።

፫. ባለ ሁለት ልጓሙ መምህር

ስለ ልጓም የተጻፈና ለዛሬ የተረፈ የመጀመሪያው ጥልቅ ትምህርት የአቴናዊው ዜኖፎን ነው። የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር የነበረው ይህ ሰው፣ በ401 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከፋርስ ምድር ያፈገፈገውን የግሪክ ቅጥረኛ ጦር ከመሩት አንዱ ነበር። ስለ ፈረስ ግልቢያ የጻፈው መጽሐፍ በ4ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አጋማሽ አካባቢ የተደረሰ ነው።

ዜኖፎን ፈረሰኛ ቢያንስ ሁለት ልጓም ሊኖረው ይገባል ይላል። አንዱ ልስልስ፣ ሁለተኛው ሻካራ ነው። ሻካራው ግሪኮች «ጃርት» ብለው የሰየሟቸው እሾሃም ከበባዎች ያሉት ነው። ፈረሱ ብረቱን በመንጋጋው ለመንከስ ሲሞክር እሾሁ ይወጋውና ይተወዋል። በዚህ ተምሮ ወደ ልስልሱ ሲመለስ ግን በሻካራው የተማረውን ሁሉ በፈቃዱ ያደርገዋል። እንደ ዜኖፎን አስተሳሰብ ክፉው ልጓም መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም።

ከዚህም የሚበልጠው ሌላው ትምህርቱ ነው። ወደ ፈረስ በቁጣ መቅረብ አይገባም፤ ቁጣ አርቆ አያይምና በኋላ የሚያስጸጽት ነገር ያሠራል ይላል። ፈረስ አንድ ነገር ፈርቶ አልቀርብም ባለ ጊዜ በዱላ የሚገፋው ጋላቢ ፍርሃቱን ያባብስበታል፤ ፈረሱ ሕመሙ የመጣበት ከሚፈራው ነገር ይመስለዋልና። በግዴታ የሚሠራውን ፈረስም እየተገረፈ ከሚጨፍር ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ እንዲህ ያለው ጭፈራ ማስተዋልም ውበትም የለውም። እሾሃም ልጓም የሚያዘጋጅ ሰው ይህን መጻፉ የሚቃረን ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሐሳቡ አንድ ነው፦ ብረቱ ሊያስገድድ ይችላል፤ ማስተማር ግን የሰው ሥራ ነው።

፬. ልጓም የማያውቁት

ከዜኖፎን በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በአሁኑ አልጄሪያና ቱኒዚያ ምድር የሚኖሩት የኑሚድያ ፈረሰኞች ክርክሩን በሌላ መንገድ መለሱት። ትንንሾቹን ፈረሶቻቸውን የሚመሩት በአንገት ላይ በተጠመጠመ ገመድና በቀጭን በትር ነበር። ልጓም አልነበራቸውም። ካርታጎንና ሮምን ባፋለመው ጦርነት እነዚህ ፈረሰኞች የማይናቅ ድርሻ ነበራቸው። በ202 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በዛማ ሜዳ ሐኒባል ሲሸነፍ፣ በሮም ወገን ሆነው ከተዋጉት መካከል የማሲኒሳ ኑሚድያውያን ይገኙበታል።

የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ አንድ ነገር ይተርካል። በ193 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በሰሜን ኢጣሊያ የዘመተ የሮም ጦር በተራራ መተላለፊያ ውስጥ በሊጉርያውያን ተከበበ። ስምንት መቶ ያህል ኑሚድያውያን ወደ ጠላት ሰፈር ቀረቡ። ፈረሶቻቸው ከሲታ፣ ልጓም አልባ፣ አካሄዳቸውም ለዓይን የማያምር ነበር። ጋላቢዎቹ ሆን ብለው ግልቢያ እንደማያውቅ ሰው ይንገዳገዱና ይወድቁ ጀመር። ጠባቂዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ተሳሳቁባቸው። ፈረሶቹ የማይታዘዙ እየመሰሉ ጥቂት በጥቂት ቀረቡ፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ ሰንጥቀው አለፉ፤ ከኋላ ያሉትን መንደሮች ማቃጠል ሲጀምሩ ከበባው ተፈታ። በሮም ከተማ የቆመውና በ113 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የትራያን ዐምድም የሰሜን አፍሪካ ፈረሰኞችን ያለ ልጓም ሲጋልቡ ቀርጾ አስቀርቷል። ልጓም የሌለው ፈረስ ሥርዓት የለውም ብሎ የሳቀው ወገን፣ ሥርዓቱ ከብረት ውጭ ሊኖር እንደሚችል አላሰበም ነበር።

፭. የኔፕልስ ብረትና የፓሪስ እጅ

ክንድ ያለው ልጓም በ4ኛውና በ3ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ በትራቄያውያንና በኬልቶች ዘንድ ታየ፤ ከእነርሱም ወደ ሮማውያን ተላለፈ። የተስፋፋበት ዋና ምክንያት ጦርነት ነው። በአንድ እጁ ጋሻና ዛብ፣ በሌላው ጦር ወይም ሰይፍ የያዘ ሰው በሁለት እጁ ሊጎትት አይችልም። ስለዚህ ጥቂት የእጅ እንቅስቃሴን የሚያበዛለት ብረት ፈለገ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የጋላቢው ጥሩር እየከበደ ሲሄድ የልጓሙም ክንድ እየረዘመ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1550 የኔፕልሱ ባላባት ፌዴሪኮ ግሪዞኔ ስለ ግልቢያ ያሳተመው መጽሐፍ በአውሮፓ ቋንቋዎች እየተተረጐመ ተሰራጨ። በውስጡ የብዙ ዓይነት ልጓሞች ሥዕል ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ የአፍ ጠባይ ለየብቻ ብረት የታዘዘ ይመስላል። በመጽሐፉና እርሱን ተከትለው በተጻፉት ዘንድ፣ አልሄድም ብሎ ለሚገተር ፈረስ ድመት በረጅም ዘንግ ጫፍ አስሮ ከኋላው ማስቧጠጥን የመሰለ ቅጣት ተጽፏል። በአንጻሩ ይኸው መምህር ፈረስ በታዘዘ ጊዜ መደባበስ እንደሚገባው ያስተምራል። የግሪዞኔ ችግር ደግነት ማጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ፈረስን ሊሸነፍ የሚገባው ባላጋራ አድርጎ ማየቱም ነበር።

የዚያው የኔፕልስ ትምህርት ሌላ ልጅ ግን መንገዱን ለወጠው። ፈረንሳዊው አንቷን ደ ፕሉቪኔል በኔፕልስ በፒኛቴሊ እጅ ተምሮ ተመለሰና በ1594 በፓሪስ ትምህርት ቤት ከፈተ። የወጣቱ ንጉሥ የሉዊ 13ኛ የግልቢያ መምህርም እርሱ ነበር። በ1620 ከሞተ በኋላ፣ በ1623 የታተመው መጽሐፉ በንጉሡና በመምህሩ መካከል በሚደረግ ጭውውት የተዋቀረ ነው። ትምህርቱ ሲጠቃለል በዱላ መቆጠብን፣ በመደባበስ መለገስን፣ ፈረስን ከአካሉ ይልቅ በአእምሮው ማሠራትን የሚያዝ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ላ ጌሪኒየር በ1733 ባሳተመው ሥራ ይህንኑ መንገድ አሰፋው፤ አስቸጋሪ የሚባል ፈረስ ብዙ ጊዜ ከድካም፣ ከሕመም ወይም ከመጥፎ አያያዝ የተነሣ አስቸጋሪ እንደሚሆን መመርመር የአሠልጣኝ ሙያ ሆነ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በፕሉቪኔል መጽሐፍ ሥዕሎች የሚታዩት ፈረሶች የጎረሱት ልጓም አሁንም ረጅም ክንድ ያለው ነው። ብረቱ ያው የኔፕልስ ብረት ነው። የተለወጠው የያዘው እጅ ነው።

፮. የቀለበት ልጓም ወደ ደጋው

በሌላው የዓለም ክፍል ሌላ ክፉ ልጓም ረጅም መንገድ ተጉዟል። ይህ ልጓም መካከሉ ወደ ላይ የጎበጠ ሲሆን፣ ከጉብታው ጫፍ አንድ የብረት ቀለበት ይንጠለጠላል። ቀለበቱ የፈረሱን የታችኛ መንጋጋ ከአገጩ በታች ይከባል። ዛቡ ሲሳብ ጉብታው ላንቃን ይገፋል፤ ቀለበቱ አገጭን ከሥር ያጠብቃል። ሰንሰለት ሊላላ ይችላል፤ ቀለበት ግን አይላላም። የታሪክ ሰዎች ከ1250 እስከ 1517 (እ.ኤ.አ.) ግብፅን በገዙት ፈረሰኞች ስም የማምሉክ ልጓም ይሉታል። ሆኖም ከእነርሱ ክልል ብዙ ርቆ ሄዷል፤ በሰሜን አፍሪካ አልፎ እስጳኝ ገባ፤ ከእስጳኝ ወታደሮች ጋር በ16ኛው መቶ ዘመን አሜሪካን ተሻገረ፤ በሰሃራ በስተደቡብ በሐውሳና በቦርኑ ፈረሰኞች ዘንድ ኖረ።

የኢትዮጵያ ነባር ልጓምም ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደ ባለ ቀለበት ብረት ነው። ስሙ ራሱ፣ በግእዙ ልጓም፣ በዐረብኛው ሊጃም፣ ዝምድናውን ይናገራል። ከዐረብ አገርና ከግብፅ የሚመጡ ፈረሶች በቤተ መንግሥት የተከበሩ ስለ ነበሩ፣ የፈረሱና የዕቃው መንገድ አንድ ነበር ማለት ይቻላል።

ባለ ቀለበቱ ልጓም በደጋው የተወደደበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የቀድሞው ፈረሰኛ በግራ እጁ ጋሻውንና ዛቡን፣ በቀኙ ጦሩን ይይዛል። ባዶ እግሩን ነውና በትንሿ እርካብ ውስጥ የሚያስገባው የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ነው። በገደልና በድንጋይ መካከል ሲሮጥ፣ ወይም በጉግስ ሜዳ ተባርሮ በድንገት ሲዞር፣ ፈረሱን የሚመራበት ከአንድ እጅ ጣቶች በላይ ምንም የለውም። ስለዚህ ጥቂት ንክኪ የሚያሰማ ብረት ያስፈልገው ነበር። በሠለጠነ እጅ ይህ ብረት እምብዛም አይሳብም፤ ዛቡ ላላ ብሎ ይወርዳል፤ ፈረሱም የሰውነትን ማዘንበልና የእግርን ግፊት ያዳምጣል። በጀማሪ ወይም በግልፍተኛ እጅ ግን አፍ ያደማል፤ መንጋጋ ሊሰብርም ይችላል። ብረቱ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ የእጅን ጠባይ የሚያበዛ ነው። ትዕግሥትን ቢያገኝ ትዕግሥትን፣ ቁጣን ቢያገኝ ቁጣን አብዝቶ ወደ ፈረሱ አፍ ያደርሳል።

ይህን ብረት ቀጥቅጦ የሚሠራው አንጥረኛ «ባለ እጅ» ይባል ነበር። ስሙ የክብር ስም ሊሆን የሚገባው ነው። ኅብረተሰቡ ግን ባለ እጁን ቡዳ እያለ ሲሸሸው፣ በብዙ ስፍራም ርስት ሲከለክለው ኖሯል። መኳንንቱ የተመኩበት የፈረስ ዕቃ ከተናቀ እጅ የወጣ ነበር። ጋላቢው ስሙን ሲያስጠራ የሠሪው ስም ከአፈር ጋር ቀርቷል።

ጋላቢው ስሙን ያስጠራው ደግሞ በፈረሱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። «ታጠቅ»፣ «በዝብዝ»፣ «ዳኘው» ሁሉም ትእዛዝ ናቸው። ጌታው ለራሱና ለጦሩ የሚመኘውን በፈረሱ ስም አወጀ። እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው እንስሳ መጓጓዣ ብቻ አልነበረም፤ የጌታው ሌላ ገጽ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሸነፈውን የኢጣሊያ ጦር ያሳደዱት የኦሮሞ ፈረሰኞች፣ ፈረስና ሰው እንዲህ ባለ መተማመን ካልተሳሰሩ በዚያ ገደላም ምድር ሊሮጡ ባልቻሉ ነበር። በአገው ምድር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚያስታውሰው ይህንኑ የዓድዋ ትውልድ ነው።

፯. የመንጋጋ አጥንት ምስክርነት

ስለ ልጓም የጻፉት ሁሉ ጋላቢዎች ናቸው። ፈረሱ አልጻፈም። ሆኖም ምስክርነቱን በአጥንቱ አስቀምጧል። ብረት ለረጅም ጊዜ ሲፈትገው የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ይላጫል፤ ስሱ የድድ አጥንት በተደጋጋሚ ሲቆስል ጉጥ ያበቅላል። የጥንት መቃብር የሚቆፍሩ አጥኚዎች አንድ ፈረስ ልጓም ጎርሶ እንደ ነበር የሚለዩት ከእነዚህ ምልክቶች ነው። ሺህ ዓመት የቆየ የራስ ቅል የጌታውን ስም አይናገርም፤ የእጁን ጠባይ ግን ሊመሰክርበት ይችላል።

ጉዳዩም የጥንት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በዴንማርክ የተመረመሩ 3,143 የውድድር ፈረሶች መካከል 9.2 በመቶ በሚሆኑት የከንፈር ማዕዘን ላይ ቁስል ወይም ደም ታይቷል። ጦርና ጋሻ በሌለበት፣ ሁለቱም እጅ ነጻ በሆነበት ዘመን እንኳ ብረቱ ያቆስላል ማለት ነው።

ከዜኖፎን እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳያል። ክፉ ልጓም የሚፈለገው ሌላው ነገር ሁሉ ባልተሠራበት ጊዜ ነው። ውርንጭላው በጊዜ ሰው አልለመደም፤ ጥርሱ አልታየም፤ ጀርባው በኮርቻ መላጡ አልተመረመረም፤ የሚፈራውን ቀስ በቀስ አላለመዱትም። ይህ ሁሉ ሲጓደል ጥፋቱ በፈረሱ ስም ይመዘገባል፤ መድኃኒቱም ከባለ እጁ ቤት ይታዘዛል። የበረታው ብረት ለጊዜው ያቆማል። ነገር ግን የተጎዳ አፍ እያደር ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ አፍ ደግሞ ከትናንቱ የከፋ ብረት ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የሚሄድ አሠልጣኝ የመጨረሻውን ልጓም የሚያገኝበት ቀን የለም።

የአገሩ ሰው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል። ልጓምም እንዲሁ ነው፤ ያሰማል እንጂ አያሳምንም። ማሳመኑ የእጅ፣ የጊዜና የትዕግሥት ሥራ ነው። ስለዚህ ነው በሙያዬ እወዳደራለሁ ለሚል ጋላቢ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚባለው። በዚህ አባባል ውስጥ ፈረሱ ተጠርቷል፤ ሜዳው ተጠርቷል፤ የልጓሙ ስም ግን አልተነሣም።